ሳተላይት ላይ የተሰማው የዶሮ ዋጋ

የፋሲካ ሰሞን ነበር። ከአውሮፓ ስልክ ተደወለ። እኛ ሲግናል የምንልክበትን ሳተላይት ቀን ከሌት የሚከታተል ሰው ነው።

«አንድ ቅጂ ልኬልሻለሁ። የናንተ አገር ቋንቋ ነው?»

ከፈትኩት። መጀመሪያ ሹሹታ፣ ከዚያ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ። ሾላ ገበያ ዶሮ ስንት እንደገባ እያወራች ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ! ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን እያለች ነው?»

«የዶሮ ዋጋ ነው።»

እሱ አልሳቀም። ልጅቷ የተደረበችው ከፍሎ በሚጠቀም ሌላ ደንበኛቸው ላይ ነበር።

ጃሚንግ፣ ማለትም የአንዱ ሲግናል በሌላው ላይ ተደርቦ ሲያውከው፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሆን ብሎ የሚያፍን አካል ነው። እሱም አለ፣ አይካድም። እኔን በሥራዬ ያጋጠመኝ ግን ባብዛኛው የላላ ብሎን፣ የተጣመመ ዲሽ፣ ውሃ የገባበት ገመድ ነው።

ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ የሰማውን አጉልቶ ያወርዳል እንጂ ማን እንደላከው አይለይም። ስለዚህ ላኪውን ለማግኘት ጎረቤቱ ያለው ሌላ ሳተላይት ያስፈልጋል። ማንኛውም ዲሽ ዋናውን ጨረር ወደ አንዱ ሳተላይት ቢልክም፣ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎንም ያፈሳል። ያው ሲግናል በሁለቱ ሳተላይቶች በኩል ዞሮ ሲወርድ እኩል አይደርስም። የሰዓቱ ልዩነት ካርታ ላይ አንድ መስመር ያወጣል። ሳተላይቶቹ ቆመው የሚታዩት ለኛ ነው፤ ትንሽ ይዋልላሉ። በዚህ የተነሳ ፍሪኩዌንሲውም ይለያያል፤ እሱ ሌላ መስመር ያወጣል። መስመሮቹ የሚቋረጡበት ላኪው አለ። ታዲያ ነጥብ እንዳይመስላችሁ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ክልል ነው። የዚያን ቀኑ እንቁላል ከሰበታ እስከ ቢሾፍቱ ተጋድሟል። እዚያ ውስጥ ስንት ዲሽ እንዳለ አስቡት።

የጠቆመችን ሬዲዮዋ ራሷ ናት። ከ104 ሜጋኸርዝ በላይ ከሚያሰራጩት አንዷ ነበረች። የኛ ሞደም ሲግናሉን ወደ አፕኮንቨርተሩ፣ ፍሪኩዌንሲውን ለሳተላይቱ ወደሚያሳድገው መሣሪያ፣ የሚልከው በ140 ሜጋኸርዝ ነው። አፕኮንቨርተሩ ደግሞ ከ104 እስከ 176 ያገኘውን ሁሉ አንስቶ ወደ ላይ ይልካል። ኤፍኤም እስከ 108 ይዘልቃል። መሃል ላይ ያለው ገመድ ችግር ካለበት ራሱ አንቴና ሆነ ማለት ነው። ሆዴን ባር ባር አለው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን ዲሹን ዞር ብለው አላዩትም። በቀጥታ ራኩ፣ መሣሪያዎቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ፣ ጀርባ ተንበረከኩ። እኔ ሲግናሎችን በፍሪኩዌንሲያቸው የሚያሳየውን ስፔክትረም አናላይዘር ከፍቼ ከ140 ወደ ግራ ስሄድ፣ ሬዲዮዋን አገኘኋት። ቀጭን ጉብታ ናት። ሴትዮዋ ስታወራ ትሰፋለች፣ ዝም ስትል ትጠባለች።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን ገመድ ነካ አድርጊያት እስቲ» አሉኝ።

ነካሁ። ጠፋች። ለቀቅኩ። ተመለሰች። የገመዱ ማያያዣ፣ ኮኔክተሩ፣ በጣት ይዞራል። ባለፈው ወር ሞደም ሲቀየር በቁልፍ ሳይጠብቅ የተተወው በኛ ነው። «በኛ» ስል በኔ ማለቴ ነው። ጋሼ ይህን ያውቃሉ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እሱ ከቁጣ ይብሳል።

ኮኔክተሩን ቀየርን። ገመዱንም ወፍራም ሽፋን ባለው ተካነው። አውሮፓ ደወልኩ። ንጹሕ ነው አለኝ።

የፋሲካ ማግስት ኢሜይል መጣ። ሪፖርት መስሎኝ እየፈራሁ ከፈትኩት። አንድ መስመር ናት፦

«ዶሮው በስንት ተገዛ?»