ፓኔሉ ሳይሆን የሚያርፍበት

ፕሪካስት ሶሌታ፣ ማለትም በፋብሪካ ተሠርቶ በፓኔል መልክ የሚመጣ የአርማታ ወለል፣ በቀላል የብረት ግድግዳ ላይ ልታሳርፉ ካሰባችሁ ስለ ፓኔሉ ጥንካሬ ብዙ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ጫፉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት በተረፈኝ ነበር።

የሠራሁት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። መሠረቱ እንደማንኛውም ቤት ወጣ፤ የብረት ግድግዳውም በቡሎን ታስሮ በፍጥነት ቆመ። ለፎቁ ወለል የመረጥኩት ውስጡ ክፍት የሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፓኔል ነበር።

ጣጣው የጀመረው ክሬኑ የመጣ ዕለት ነው። የግድግዳው ቋሚዎች በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የቆሙ ሲሆን አናታቸውን የሚያያይዘው ስስ ላሜራ ነው። ይህ ላሜራ ቋሚዎቹን በቦታቸው ይይዛል እንጂ በመካከላቸው የሚያርፍ ሸክም አይችልም። ስለዚህም ክብደቱን ለቋሚዎቹ የሚያከፋፍል 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በላዩ እንዲጋደም በፕላኑ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ተቋራጩ ግን ቱቦላሬው እስኪደርስ ክሬን ሥራ ፈትቶ አይቆምም ብሎ ፓኔሎቹን በባዶው ላሜራ ላይ መደርደር ጀመረ። «ፋብሪካው ችግር የለውም ብሏል» አለኝ። መሰላል ወጥቼ አየሁ። በሁለት ቋሚዎች መካከል ላሜራው ረግቦ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ ከፓኔሉ ጫፍ ሥር ሜትሬን ያለ ችግር አሳለፍኩበት። ወዲያው አስቆምኩና ሁሉም እንዲወርድ አዘዝኩ። ተቋራጩ የዳግም ማንሻውን ኪራይ እኔ እንድከፍል መጠየቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከሁለት ወገን የሚመጡ ፓኔሎች ስለሚገናኙበት የቱቦላሬው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ለሁለት ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ 5 እንኳ አይደርሰውም። እዚያ ላይ ቋሚዎቹንም ቱቦላሬውንም ድርብ አስደረግሁ። ወጪው አይቆጨኝም።

ከላይ የሚፈሰው አርማታ ለማስተካከያ ብቻ ነው የሚሏችሁን ደግሞ አትስሙ። ያልታሰሩ ፓኔሎች መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ጣውላዎች ናቸው። በኅዳር 1981 ዓ.ም. በአርመንያ ስፒታክ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ፕሪካስት ሕንፃዎች ከፈረሱባቸው ምክንያቶች አንዱ የወለል ፓኔሎቻቸው በወጉ አለመታሰራቸው ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ የተነሣውንስ አዲስ አበባ ሆነን አልተሰማንም?

እኔ በየፓኔሉ ጫፍ የተወሰኑ ክፍት ቦዮችን ከላይ አስከፍቼ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስገባሁ። አርማታው ወደ ውስጥ እንዳይሸሽ ቦዩን በሲሚንቶ ወረቀት ጠቀጠቅነው። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ፌሮው ከአንዱ ፓኔል ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በውጪው ግድግዳ ላይ ደግሞ ቱቦላሬው ላይ ከተተከሉት ቡሎኖች ጋር በታሰረው የዙሪያ ፌሮ ላይ ይቆለመማል። ከዚያ መሃል ለመሃል በፑንቴሎ (በጊዜያዊ ደጋፊ ቋሚ) ደገፍን፤ ጠርገን፣ አርሰን፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ መረብ ዘርግተን 6 ሴንቲ ሜትር አርማታ ሞላን።

ከመሙላታችን በፊት የመጣው ተቆጣጣሪ የጠየቀኝ «ካሴታው የታለ?» ብሎ ነው፤ አርማታ የሚሞላበትን ቅርጽ ማለቱ ነው። ፕሪካስት ካሴታ እንደማያስፈልገው ባስረዳውም ቅጹ ላይ ስላለ አልፈርምም አለ። ሕይወት የሚያድኑትን ማሰሪያ ፌሮዎች ግን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላያቸውም። ፊርማው የተገኘው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ የእርሱ ፊርማ ዋስትና አይሆናችሁም፤ አርማታ ለሚሞላባት ዕለት ለራሳችሁ መሃንዲስ ክፈሉ፣ እያንዳንዱን ማሰሪያ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ቱቦላሬው ተጋድሞ ሳይታሰርም ክሬን አትጥሩ።