መርዙ ኩላሊት ጋ አልደረሰም፦ የፊዚዮሎጂ ጥናቴ ሦስተኛ ወር

ባለፈው ወር ሆርሞኖች ምዕራፍ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን ትንሽ ፈቀቅ ብያለሁ። ፈቀቅ ያደረገኝ ደግሞ የኮሌራ መርዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርዙ የአንጀት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ጂ ፕሮቲን የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ ያገኛል። ይህ ነገር በጤናው ጊዜ ሆርሞን ሲመጣ ይበራል፤ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። መርዙ ማጥፊያውን ይሰብረዋል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለው የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ይጠራቀማል፣ የክሎራይድ በር ይበረገዳል፣ ሶዲየምና ውኃ ተከትለው ይወጣሉ። ውኃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍተን ረስተን፣ ሌሊት ሲመጣ ቤቱ የሚጥለቀለቀውን ታውቁት የለ? እሱን አስቡት፤ መዝጊያው ግን የለም። ሕመሙ ሲከፋ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። ኩላሊት ውስጥ ቫሶፕሬሲን የሚባለው ሆርሞን ውኃ የሚያስቀረው፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞንም ፎስፌት በሽንት የሚያስወጣው በዚሁ ማብሪያ በኩል ነው። ስለዚህ «መርዙ ኩላሊት ላይም ሆርሞን መስሎ ይሠራል» ብዬ ደመደምኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ቀስት በቀይ እስክሪብቶ ሣልኩ። ኮርቼበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አብራኝ የምታጠናው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገችና፣ «ቆይ፣ መርዙ በየት በኩል ነው ኩላሊት የደረሰው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ለካ የኮሌራ መርዝ የሚሠራው አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1884 ባክቴሪያውን ለይቶ መርዝ እንዳለው ጠርጥሮ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። በ1959 ካልካታ ውስጥ ሻምቡ ናት ዴ የሚባል ተመራማሪ ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ፣ ባክቴሪያውን አጣርቶ ካወጣ በኋላ፣ በታሰረ የጥንቸል አንጀት ውስጥ ጨመረው። አንጀቱ በውኃ ተነፋ። ሌሎቹ መርዙን የፈለጉት ሌላ ቦታ ነበር። እኔም ያው!

ታዲያ ኩላሊቱ ወሬውን በማን ይሰማል? በሆርሞን። ደም ሲጎድል ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ይወጣል፣ ከዚያ አልዶስቴሮን የሚባለው ሆርሞን፤ ቫሶፕሬሲንም ይጨምራል። ሽንት ይቀንሳል፣ ሶዲየም በሽንት ውስጥ ጭራሽ ይጠፋል። አልዶስቴሮን ግን ሶዲየም ሲያስቀር ፖታሲየም ያስከፍላል። ይህን ሳነብ «በቃ፣ ፖታሲየሙን ኩላሊት ጨረሰው» አልኩ። ደግሞ ተሳሳትኩ። ሽንት በቆመ ሰው ላይ ኩላሊት በምን ያወጣዋል? መጀመሪያ ላይ የሚበዛው በተቅማጡ የሚሄደው ነው። ፈሳሽ ተሰጥቶ ሽንት ሲመለስና አልዶስቴሮን ገና ሳይወርድ ነው ኩላሊቱ የሚጨምርበት።

ሌላም ወጥመድ አለ። አሲድን የሚያበርደው ባይካርቦኔት በተቅማጥ ስለሚወጣ ደሙ አሲድ ይሆናል፤ ፖታሲየም ከሕዋስ ወደ ደም ይወጣል። ላብራቶሪው ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፣ ሰውየው ግን ባዶውን ነው። አሲዱ ሲስተካከል ፖታሲየሙ ወደ ሕዋስ ይመለስና ቁጥሩ ይወድቃል። ለእኔ የወሩ ምርጥ ነገር ይሄ ነው። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ከዚያ የኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ፓኬት አገላብጬ አየሁ። አተት በገባ ቁጥር ስንበጠብጠው ኖረን ጀርባውን አንብቤው አላውቅም። ለ1 ሊትር ግሉኮስ 13.5 ግራም፣ ጨው 2.6፣ ሲትሬት 2.9፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5። ግሉኮስ ሶዲየምን ይዞ የሚገባበት በር በመርዙ አይበላሽም፤ ስኳሩ ለዚያ ነው። ሲትሬቱ ለአሲዱ። 1.5 ግራሟ ደግሞ እላይ ስለ ፖታሲየም የጻፍኩት ሁሉ ናት።

ቀዩን ሥዕል አልቀደድኩትም፤ ከአንጀት ወደ ኩላሊት የሄደውን ቀስት ብቻ ሰርዤ በላዩ ላይ «አልዶስቴሮን» ብዬ ጻፍኩበት። የሚቀጥለው ወር ትክትክ ነው። የእሱ መርዝ ፍሬን የሆነውን ሌላ ጂ ፕሮቲን ያሰናክላል፣ ኢንሱሊንም ይጨምራል። በየት በኩል ደረሰ ብላ ሳትጠይቀኝ ቀድሜ አይቻለሁ፦ ይሄኛው ደም ውስጥ ይዞራል።