ቶዮታ 2ኤል ናፍታ ሞተርና የጣርማ በር ዳገት

2ኤል ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2,446 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ጉዞም እኩል 92 ሚሊ ሜትር ናቸው። ናፍታ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጨው ፖምፓ ሜካኒካል (ያለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ) ስለሆነ በየከተማው የሚጠግነው አይጠፋም።

ጠላቱ ሙቀት ነው። ጭነት ይዞ ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ሲወጣ የደከመ ራዲያተር ካለው፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው፣ ቫልቮቹን የያዘው ክፍል) በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ውሃ ይጎድላል፣ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል፣ ጠዋት ነጭ ጭስ ይታያል። ያኔ ጓርኒሽን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው፤ ቴስታታው በግፊት ይፈተሽ። የራዲያተሩን ክዳን አትናቁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ቶሎ ይንተከተካል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስማ ቴስታታውን በእጅ መስበር ነው።

ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ ከበዛ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እዩ። ካልሆነ ከፖምፓው ጀርባ ያለው የናፍታ መጠን ብሎን ሩብ ዙር ይላላ፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለው ናፍታ እዚህ ይበዛል።

በውርጭ ጠዋት ካልነሳ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፈትታችሁ እያንዳንዱን በኦም ለኩ። ጤነኛው ከ1 ኦም በታች ያነባል፤ የተቃጠለው መስመሩ ስለተቆረጠ ምንም አያነብም።

የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ ከነመወጠሪያው። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።