የግራ ጉንጬ

ማድያቱ የጀመረኝ ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። ስትወልጂ ይለቅሻል ብለውኝ ነበር፤ ሳሳ እንጂ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር ጉንጮቼ ላይ ጠቆር እያለ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ከዚህ በፊት ልብ ያላልኩትን አየሁ፤ የግራው ከቀኙ ይብሳል። ሥራዬን የምሠራው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነው፣ መስኮቱም በግራዬ በኩል ነው።

"ቤት ውስጥ ነው የምውለው፣ ፀሐይ አያገኘኝም" እያልኩ ስንት ዓመት ተዘናግቻለሁ! ቆዳን የሚያቃጥለውን ዩቪቢ የሚባል ጨረር የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል። ዩቪኤ የሚባለው ሌላው የፀሐይ ጨረር ግን መስታወቱን አልፎ ይገባል፣ ቆዳ ውስጥም ጠለቅ ብሎ ይደርሳል። ስለማያቃጥል ሰው አይጠነቀቀውም። እንደኔ ጠይም ሆኖ ማድያት ላለበት ደግሞ በዓይን የምናየው ተራ ብርሃን ራሱ ያጠቁራል። ጠረጴዛውን እንዳላዞር ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጋረጃውን እንዳልዘጋ ጨለማ ውስጥ መሥራት አልችልም። ስለዚህ የቀረኝ የምቀባውን ነገር በደንብ መምረጥ ነበር።

ዘንድሮ ደብተር ይዤ ነው የሞከርኩት። ባለፈው በጋ ሦስት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ጀምሬ ፊቴ በብጉር ሲሞላ የትኛው እንዳደረገኝ ሳላውቅ ሦስቱንም ጥያለሁ። አሁን ግን አንዱን ብቻ እወስድና መጀመሪያ ክንዴ ላይ በውስጥ በኩል ቀብቼ ሁለት ቀን እጠብቃለሁ። ካላሳከከኝና ካልቀላ ለሁለት ሳምንት ፊቴ ላይ እጠቀመዋለሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በተለይ አዲስ ነገር ገዝቶ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ለኔ ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ውሃማ፣ ቀለም የሌለው የፀሐይ መከላከያ ነበር፣ ኤስፒኤፍ 50፤ ኤስፒኤፍ ከፀሐይ ቃጠሎ የመከላከል አቅሙን የሚነግር ቁጥር ነው። ሲቀቡት ወዲያው ይጠፋል፣ ፊትን አያወዛም፣ በጣም ወደድኩት። ችግሩ ላብ ሲመጣ ነው። ደረጃ ወጥቼ ሳልጨርስ ከግንባሬ እየወረደ ዓይኔን ይለበልበኛል፤ ሁለት ቀን እንባዬን እየጠረግሁ ነው የዋልኩት። አሁን ለአንገቴና ለእጆቼ አድርጌዋለሁ፣ እዚያ ምንም አይወጣለትም።

ሁለተኛው ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ማዕድን ያለበት ነው። ዓይን አይነካም፣ ቆዳ አያስቆጣም፣ ለልጆቼም እሱን ነው የያዝኩት። እኔ ላይ ግን ቅንድቤ ሥር፣ የአፍንጫዬ ጎንና ጎን፣ ፀጉሬ የሚጀምርበት መስመር ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ብቀባው ብቀባው አመድ የተነሰነሰብኝ መሰልኩ። ታናሽ እህቴ ስትገባ አየችኝና "እታለም፣ አሞሻል እንዴ?" ብላ ደነገጠች። ሰው እንዲህ ከሆነበት ቀንሶ ይቀባል፣ እኔም ያንን ነበር የማደርገው።

መቀነሱ ነው ትልቁ ስህተት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ያን ያህል ከተቀባ ኤስፒኤፍ 30 ከዩቪቢው 97 በመቶ፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ ገደማ ይከላከላል። የሁለቱ ልዩነት ያን ያህል አይደለም፣ የመጠኑ ልዩነት ግን ብዙ ነው። እኔ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጠብታ ለመላው ፊቴ አዳርስ ስለነበር 50 የሚል ቱቦ ይዤ 50 የሚባለውን ጥበቃ አግኝቼ አላውቅም። አሁን ሌባ ጣቴና የመሀል ጣቴ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አንዳንድ መስመር አወጣለሁ፤ ለፊትና ለአንገት የሚበቃው ያ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ግንባሬና ጉንጮቼ ወዲያው ይጠጡታል። ሁለተኛው ሲደረብ ፊቴ እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ጣቴ ይንሸራተታል፣ ሰው በዛ ብሎ የሚጠርገው እዚህ ጋ ነው። አልጠርገውም። ልብሴን ለብሼ፣ የልጆቹን ቦርሳ አሰናድቼ ስመለስ ቆዳዬ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ጆሮና የፀጉር ክፋይም አይረሱ። እኩለ ቀን ላይ እደግመዋለሁ፤ ውጭ የምውል ከሆነ በየ2 ሰዓቱ። ድሮ አንድ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ በጋውን ሙሉ ይበቃኝ ነበር፣ አሁን ወር አይሞላም።

ሌላው፣ ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር የሚናገረው በዋነኝነት ስለ ዩቪቢ ነው። ለዩቪኤ ብሮድ ስፔክትረም (ሁለቱንም ጨረር ይከላከላል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ፣ ወይም በክብ ውስጥ የተጻፈ ዩቪኤ፣ ወይም እስያ በተመረቱት ላይ ፒኤ ከሚለው ቀጥሎ የመደመር ምልክቶችን እፈልጋለሁ። እንደኔ መስኮት አጠገብ የሚውል ሰው ይህን ሳያይ ባይገዛ ይሻላል።

ሦስተኛው ነው የኔ ሆኖ የቀረው። ቆዳ የሚመስል ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት። ይህ ማዕድን በዓይን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል፤ ነጩም ሆነ ቀለም አልባው ይህን በደንብ አያደርጉትም። ከመልኬ ጋር የሚሄደውን ለማግኘት አገጬ ሥር ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ቀብቼ በቀን ብርሃን አየሁ፤ አንዱ ቢጫ ወጣ፣ አንዱ ነጣ፣ ሦስተኛው የት እንዳለ ጠፋኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ስውል አንገትጌዬን ያቆሽሻል፣ ይህን አልደብቅም።

ማድያት ያለባት ሴት ደግሞ "በሳምንት ያጠፋልሻል" ተብሎ ምንም ያልተጻፈበት ክሬም ሳይቀርብላት አይቀርም። ለኔም ከዓመታት በፊት ቀርቦልኝ ተቀብያለሁ። በ10 ቀኑ ፊቴ ጠራ። ስተወው ቀላ፣ ይበላኝ ጀመር፣ ማድያቱም ከበፊቱ ጠቁሮ መጣ። የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ሳይኖረው እንደማይቀር ነገረችኝ፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል። እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪም ይገኛል። እባካችሁ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ነገር ፊታችሁ ላይ አታድርጉ።

ከፊት ውጭ የሞከርኩት የብብት ነገር ነው። ዲኦዶራንት ሽታውን እንጂ ላቡን አያቆምም፤ ላቡን የሚቀንሰው አንቲፐርስፒራንት ነው፣ ውስጡ ያለው የአልሙኒየም ጨው የላብ ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍነዋል። ጠዋት ታጥቤ እየተጣደፍኩ ስቀባው አይሠራም ብዬ ልተወው ነበር። የሚቀባው ማታ ነው፣ ብብት በደንብ ደርቆ፣ ላብ በሌለበት ሰዓት። ማታ መቀባት ከጀመርኩ ወዲህ ግራጫ ሸሚዜን ያለ ሐሳብ እለብሳለሁ። የተፈጥሮ ነው የተባለ ቤኪንግ ሶዳ ያለበትንም ሞክሬ ነበር፣ በአራተኛው ቀን ብብቴ ቀልቶ ክንዴን ማውረድ አቃተኝ። ቆዳችን በተፈጥሮው አሲድነት አለው፣ ሶዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ሽቶ አሁን ልብሴ ላይ ነው የምረጨው። ቤርጋሞት የሚባለው የሎሚ ዘመድ ፍሬ ዘይት ያለባቸው አንዳንድ ሽቶዎች ፀሐይ የሚያየው ቆዳ ላይ ሲያርፉ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ምልክት አልፈልግም።

በየእሑዱ ጠዋት ምንም ሳልቀባ፣ እዚያው መስኮት ጋ፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ እነሳለሁ። አሁን ስምንተኛ ሳምንቴ ነው። ማድያቱ አለ፣ አልጠፋም። ትናንት የሁለቱን ጉንጮቼን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ለእህቴ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ ብዙ አየችና "የመስኮቱ የትኛው ነው?" አለችኝ።