አንተው አስጸልየኝ

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ከሰማኸኝ እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። ሰምቶኛል፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀን ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ አመሻለሁ። መጥፎ ነገር አላይም ነበር፤ እንዲያውም አብዛኛው ስብከትና መዝሙር ነው። የሸወደኝም እሱ ነው። አንዱን መምህር ሁለት ደቂቃ እሰማና ልቤ ይነካል፣ ላይክ አደርጋለሁ፣ ለጓደኞቼ እልካለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ሰዓት ይሆንና ከእግዚአብሔር ጋር ያመሸሁ መስሎኝ እተኛለሁ። ስለ ጸሎት ስሰማ አመሸሁ እንጂ መቼ ጸለይኩ? እናቴ የሰጠችኝ ውዳሴ ማርያም ራስጌዬ ላይ አቧራ ለብሶ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስንቱ ሰው ተቸገረ። እኔ ግን በልቤ "በቃ፣ አሁንስ እጸልያለሁ" አልኩ። አልሆነም። ፊልም በፍላሽ እየተቀባበልን አየን። ፊልሙ ሲያልቅ የድሮ ፎቶ ስገለብጥ አመሽ ነበር። ያኔ ደነገጥኩ። ለካ ዳታውም ቢጠፋ ልቤ አልተመለሰም።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋ ቆምኩ። ከተማችን መንቆረር መባሏ ቀርቶ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ደብር ነው፣ እኔም በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ። አጥሩን ተሳልሜ "ጌታ ሆይ፣ መጸለይ አቃተኝ። አንተው አስጸልየኝ" አልኩ። ስለቴንም ተሳልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

የ2016 ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ ከቢቸና በኩል መጣ። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበርና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አባቴ በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ደበሎ ለብሰው፣ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር እንደሚውል ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ሐኪሙ "ለተወሰነ ጊዜ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም" አለው። አባቴን ሕመሙ አላስጨነቀውም። የጨነቀው ስግደቱ ነው። በጾም!

በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። "ልጄ፣ ዓይኔ ታስሯል፤ ዳዊቱን አንብብልኝ።"

ሰኞ ነበር፣ ስለዚህ ከአንድ እንጀምራለን። "ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን" እያልኩ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ ቀጠልኩ። የሰኞ ሦስት ንጉሥ ነው፣ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር። እኔ አንዱንም ሳልጨርስ ጉሮሮዬ ደረቀ። አባቴ ግን ዓይኑ በፋሻ እንደተሸፈነ ጋደም ብሎ "እሱን አጥብቀው፣ ይኼን አላላው" እያለ ያርመኛል። ቆይ፣ ይኼ ሰውዬ ዳዊቱን በቃሉ ያውቀዋል ማለት ነው! "ታዲያ ለምን ታስነብበኛለህ?" አልኩት። "ብቻዬን ከምደግም ካንተ ጋር ይሻለኛል" አለኝ።

ከዚያ "በል አሁን ስለ እኔ ስገድልኝ" አለ። መቁጠሪያውን ይዞ እኔ ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርጋል። 41 ኪርያላይሶን። የፍሬዎቹ ቀጭ ቀጭ ማለት ብቻ ይሰማል። አሥራ ምናምኗ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ስደርስ እንባዬ መጣ፣ ምን እንዳስለቀሰኝ አላውቅም። ስልኬ የት እንዳለ እንኳ አላሰብኩም ነበር። ያን ያህል ሰዓት ስልኬን ሳልነካ የቆየሁበትን ቀን አላስታውስም።

የአጥሩ ልመናዬ ትዝ ያለኝ ግን ከሳምንት በኋላ ነው። ቡና እየጠጣሁ ድንገት "አንተው አስጸልየኝ" ያልኩት ጆሮዬ ላይ መጣ። ኃይል ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ አባቴን ላከልኝ። እሱ ስለ ስለቴ ምንም አያውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

ፋሲካን አብረን ውለን ወደ አገሩ ተመለሰ። ዓይኑ በርቶለታል፣ ተመስገን። ኔት ሲመለስ ፈርቼ ነበር። አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጥለኛል፣ አንዳንድ ማታም ቲክቶኩ ይጎትተኛል፣ አልዋሽም። ስልኩን አሁን የማሳድረው ወጥ ቤት፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከዚያ ሆኖ ይጮሃል፣ ተነሥቼ ሄጄ አነሣዋለሁ። አባቴ ነው።

"ስንተኛው ንጉሥ ላይ ነህ?"

"ገና ልጀምር ነው።"

"በል ጀምር" ብሎ ይዘጋዋል።