በጥርስ የተፈተነ በቆሎ

ያኔ ሥራዬ ለእርዳታ የሚገዛ እህል ጥራት መፈተሽ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2008 እ.ኤ.አ. ከአነስተኛ ገበሬዎች ማኅበራት መግዛት ሲሞክር ኢትዮጵያ ከሙከራ አገሮቹ አንዷ ሆነች። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ከባሕር ማዶ ተጭኖ ጅቡቲ እስኪደርስ ወራት ከመጠበቅ፣ ትርፍ ካለበት ጎጃም ገዝቶ ድርቅ ወዳለበት መላክ። ብሩም የኛው ገበሬ እጅ ይገባል።

አንድ ዓመት ግን ምዕራብ ጎጃም በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ዝናብ ጣለ። የአንድ ዩኒየን፣ ማለትም የገበሬ ማኅበራት ኅብረት፣ መኪኖች መጋዘናችን በር ላይ ተሰለፉ። ናሙና ወስጄ ለካሁ፤ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ። ወሰኑ 13.5 ነው። ሌላ ጆንያ ብፈትሽ ያው ነው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩ። ቀጭ አለ።

«ስማ ልጄ፣ ይሄ ደረቅ ነው። እኔ የደረቀ በቆሎ መለየት አያቅተኝም።»

«ጋሼ፣ ለገበያ ይሆናል። ይሄ ግን ተደርድሮ ወራት ሊቀመጥ ነው። ውስጡ ይሞቃል፣ ይሻግታል።»

የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። ሁልጊዜ በዓይን አይታይም፤ ቢበስልም አይጠፋም። የሚበላው ደግሞ በረሃብ የደከመ ሕፃን ነው። አላስገባሁም።

ጆንያው ተፈታ። በቆሎው ሸራ ላይ ተሰጥቶ በላይዳ ሲገላበጥ ዋለ። ሾፌሮቹ የቆሙበትን ሒሳብ ጠየቁ፣ የጉልበት ሠራተኛም ተከፈለ። ያ ሁሉ ወጪ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ ወደቀ። ይሄ በጣም አንገበገበኝ።

በሚቀጥለው ምርት መለኪያው ቀበሌ ድረስ ወረደ። ገበሬው ከአህያው ላይ ኩንታሉን ሲያወርድ እዚያው ይለካለታል። እርጥብ ከሆነ ቤቱ ቅርብ ነው፣ መልሶ ያሰጣዋል። በራችን ላይ የሚመለስ መኪና ቀነሰ።

ያልተፈታው የክፍያው ጉዳይ ነው። ማኅበሩ ሰብስቦ እስኪያስረክብ ገበሬው ሳንቲም አያይም፤ የማዳበሪያ ዕዳ ግን አለበት። ነጋዴው ጥሬ ብር ይዞ ደጁ ድረስ ይመጣል። ቢሸጥለት አልፈርድበትም። ባንክ የግዥ ውሉን እንደ መያዣ ይዞ ለዩኒየኖች ማበደሩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ብድሩ ዘግይቶ ከተለቀቀ ግን በቆሎው ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ የግዥ ክፍል ውስጥ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ውሉን በጥቅምት ፈርሙ፤ በቆሎው ገና ማሳ ላይ ሳለ።