በልብስ ሰፊ ሜትር

ሞተሩ የጓደኛዬ ነው። ሱዙኪ ዲአር 650፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚችል ረጅም ሞተር። «ዕቃ ከጫንክበት የኋላውን ሾክ አስተካክል» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩና ረሳሁት።

ሁለት ሻንጣ፣ ድንኳንና አንድ ጄሪካን ቤንዚን ጭኜ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። እስከ ቡታጅራ ሰላም ነበር። ከሆሳዕና በኋላ መሸብኝና ጉዱ ታየ። ኋላው ስለተቀመጠ የፊት መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከፊቴ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ ይቆጣኛል። እኔ ደግሞ ጉድጓዱ አይታየኝም። ኩርባ ላይ ፊቱ ቅልል ይልና መስመሬን ያስለቅቀኛል። ጉድጓድ ስገባ ሾኩ እስከ መጨረሻው ወርዶ ጓ ይላል፤ ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በወገቤ ነው።

ሶዶ አደርኩ ከተባለ አደርኩ። መስኮቴ ሥር እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሙዚቃ ነበር፤ ትራሱም ከሾኩ አይሻልም።

ጠዋት አንድ ጋራዥ ገባሁ። ልጁ ጭቃውን እንኳ ሳይጠርግ ካቻቢቴውን የሾኩን ሞላ በሚጫነው ቀለበት ላይ ደግኖ በመዶሻ ቀጠቀጠው። «ከእንግዲህ አይወርድም» አለኝ። 1,500 ብር። ሽንኩርት ለመግዛት ሦስት ሱቅ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ወገቤ ከኪሴ በልጦብኝ ከፈልኩ።

እውነቱን ነው፣ አልወረደም። አርባ ምንጭን ዓሣ በልቼ አለፍኩት። ከዚያ እስከ ኮንሶ ያለውን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ሞተሩ እንደ በቅሎ ሲራገጥብኝ ሄድኩ። ትንሽ ድንጋይ በነካ ቁጥር ከኮርቻው እነሳለሁ።

የኮንሶ ከተማ ካራት ገብቼ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አስረዳኝ። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ የሞተሩን ቂጥ ነው ከፍ የሚያደርገው። የኋላው ጎማ 260 ሚሊ ሜትር ያህል የመውጣትና የመውረድ ዕድል አለው። ሰውና ዕቃ ሲጫን የዚያን ሲሶ ያህል መውረድ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ይራገጣል፣ በላይ ከሆነ ይቀመጣል። «ለካው» አለኝ። በምን ልለካው?

በረንዳው ላይ ሲንጀር የሚረግጡ አንድ አዛውንት አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለዋል።

«ጋሼ፣ ሜትርዎን ያውሱኛል?»

«ምን ልትለካ?»

ስነግራቸው መኪናቸውን ትተው ተነሡ። ጎማውን ከመሬት ለማንሳት ሞተሩን ሥሩ መደገፍ ነበረብን። ኮንሶ ደግሞ የድንጋይ ችግር የለም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው እርከን የተሠራው በእሱው ነው። ጋሼ በልብስ ጠመኔያቸው ኋላው ላይ አሰመሩና ከጎማው አክሰል እስከ መስመሩ ለኩ፤ 62 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ድንጋዩን አንስተን ዕቃው እንደተጫነ እኔ ወጣሁበት፤ ሻይ ቀጂው ልጅ እንዳልወድቅ መሪውን ያዘልኝ። 58። አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የወረደው።

የጎን ሽፋኑን ፈታሁ። ቀለበቱ የሚዞርበትን የሾኩን ጥርስ ጭቃ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ሶዶ ላይ የተዘለለው ይሄ ነው፤ ጥርሱ ከነአሸዋው ከዞረ ይበላል። መጀመሪያ የላይኛውን መቆለፊያ ቀለበት፣ ቀጥሎ ሞላውን የሚጫነውን ፈታ አደረግሁ። ለካን፤ 56። እንደገና ፈታሁ፤ 52 ተኩል፣ አሁን ደግሞ በዛ። መለስ አደረግሁት። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሜትሩን ሁለቴ አዩና «53 ተኩል» አሉ። ስምንት ተኩል ወርዷል። መቆለፊያውን አጠበቅሁት። ቁመቱ ሲቀየር ካቴናውም ሊወጠር ወይም ሊላላ ስለሚችል ላዩ ላይ ተቀምጬ እሱንም አስፈተሽኩ፤ ደህና ነበር።

አንድ ዙር ነድቼ ተመለስኩ። መራገጡ ቀርቷል።

«ስንት ልክፈል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለሜትር ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» አሉና ከኋላዬ አዩኝ። «ሱሪህ ግን ተተርትሯል፤ አውልቀው። እሱን 50 ብር ትከፍላለህ።»

ጋቢያቸውን አገልድሜ ቁጭ አልኩ።